የእማማ ዘይቱ ቄቦች

ዶሮ እጸየፋለሁ። ወጥ ከሆነች በኋላ ጠብ የለንም፤ በእግሯ ስትሄድ ነው የማልችላት። ያንን ቅርፊታም እግሯን እያነሳች ስትጥል፣ የረገጠችውን መልሳ ስትለቅም፣ ሰው የተፋውን አክታ ከጓደኞቿ ጋር ስትሻማ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። እናቴ ዳንግላ ምድጃው አጠገብ ሰባት ዶሮ ታሳድር ስለነበር፣ ልጅነቴ ያለፈው በኩስ መሀል እግሬን የማሳርፍበት ደረቅ ቦታ ስፈልግ ነው። ነርስነት የተማርኩትም፣ እውነቱን ልናገርና፣ በሽተኛ አሳዝኖኝ ሳይሆን ነጩ ጋውንና የሳሙናው ሽታ ማርኮኝ ነው።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ እማማ ዘይቱ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ነው። "አንድ ግቢ ኖራችሁ የለ? እንዴት ያሉ ሴት ናቸው?" ይሉኛል። ደግ ናቸው ብዬ ላልፈው እችላለሁ። ግን የሳቸውን ደግነት ለመናገር የኔን ነገር መናገር ግድ ይላል፤ የኔ ነገር ደግሞ ከዶሮ ይጀምራል።

ሚዛን ተፈሪ የተመደብኩት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ነው። ሥራዬ በየቤቱ እየዞርኩ ሰው እንዴት እንደሚኖር ማየትና እንዴት መኖር እንዳለበት መንገር ነበር። ሽንት ቤቱ ክዳን አለው? የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን ተሰቅሏል? ሰውና እንስሳት ተለያይተው ያድራሉ? በተለይ የመጨረሻዋን ጥያቄ ስጠይቅ ድምፄ ይወፍራል ይሉኛል። ከሩቅ ሲያዩኝ "ሲስተር መጣች!" ብለው ፍየላቸውን በጓሮ በር የሚያስወጡ ነበሩ። ፍየሉ ቢወጣም በጠጡ ወለሉ ላይ ይቀራል። እኔ በጠጡን አያለሁ፣ እነሱ ማየቴን ያያሉ። በወር መጨረሻ ሪፖርቴ ላይ ከተማው በሙሉ ተለያይቶ ያድራል።

እማማ ዘይቱ ከዋናው ቤታቸው ጀርባ ያለውን ሰርቪስ ቤት አከራዩኝ። አጋሮ አጠገብ ተወልደው በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አባፎጊ የሚባሉ ቡና ነጋዴ አገቡና በጭነት መኪና ጋቢና ሚዛን ገቡ። ከዚያ በኋላ ባልየው ቡናና ማር ፍለጋ ማሻ፣ ቱም፣ ጉራፈርዳ፣ ዲማ ሲዞሩ፣ እሳቸው ገበያው ዳር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጨርቅና ክር ሲሸጡ ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈ። ጨርቅ የሚለኩት በክንዳቸው ነበር፤ ለገዢው ሁልጊዜ ጣት ያህል ይጨምሩለታል ይባላል። አባፎጊ ሲሞቱ ሱቁን ብቻቸውን ያዙት። ኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደውና ጥቁሩን ክር ከሰማያዊው መለየት ሲያቅታቸው፣ የተሳሳተ ክር ሸጬ ሰው ከሚረግመኝ ብለው በገዛ እጃቸው ዘጉት።

ስተዋወቃቸው ስድሳ አምስት ዓመት አልፏቸው ነበር። ጠዋት ሶላት ሰግደው፣ የሂና ቀለም የማይለየውን እጃቸውን ታጥበው፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በመንገድ የሚያልፈውን ሰው በእርምጃው ድምፅ ይለዩታል። "ማኔ፣ ዛሬ ጫማሽ አዲስ ነው" ይሉኛል። ማኔ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሙሉ ስሜ ማናልሞሽ ነው። ንጹሕ ሴት ነበሩ፤ ይህን አልክድም። ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር የግቢው ሳር የታጨደ፣ የበሩ ደፍ የታጠበ ነበር። ተስማምተን ኖርን።

የተበላሸው በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። እማማ ዘይቱ ከዝናብ በኋላ ጓሮ ሄደው ጭቃው አንሸራተታቸውና ወደቁ። እኔ ሥራ ነበርኩ። ስመጣ እንሰቱ ሥር ተቀምጠው፣ ቀሚሳቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ "አትደንግጪ፣ ተሰብሬ አይደለም፣ መነሳት ሰልችቶኝ ነው" አሉኝ። ልጃቸው ሻሚል በማግሥቱ ከቴፒ ከተፍ አለ። ሻሚል ቴፒ ላይ የቤት ዕቃ ሱቅ አለው፤ ሚስቱ ላምያ ትባላለች። ሻይ አፍልቼ ይዤ ስገባ እናትና ልጅ ተፋጠው አገኘኋቸው።

"እማ፣ በቃ እኮ! ቤቱን እናከራየውና እኔ ጋ ትኖሪያለሽ።"

"ያንተ ቤት ምን ጎደለውና እኔን ትጨምርበታለህ?"

"ላምያ አስከፍታሽ ታውቃለች?"

"ላምያ ወርቅ ናት፤ አላህ ይጨምርላት። ግን የወርቅ ቤትም የሰው ቤት ነው።"

"ታዲያ እዚህ ምን እየሠራሽ ትኖሪያለሽ? ዓይንሽ አያይ፣ ሱቅሽ ተዘግቷል።"

እማማ ዘይቱ ሻዩን ፉት አሉና፣ ለብዙ ቀን ያሰቡበት መሆኑ በሚያስታውቅ አነጋገር፣ "ዶሮ አረባለሁ" አሉ።

ሻሚል ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጀርባዬ ላይ ቅንቅን የሄደ መሰለኝ።

"ሳቅ" አሉት እናቱ። "ቄብ እገዛለሁ። እስከ አረፋ እንቁላል ካልጣሉልኝ፣ አንተ ሳትናገር እኔ ራሴ ሻንጣዬን አስሬ በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ። ከጣሉልኝ ደግሞ ስለ ቴፒ ሁለተኛ አታነሳብኝም።"

"አንድ እንቁላል በእጅሽ ካሳየሽኝ ወላሂ አፌን እይዛለሁ። ሲስተር፣ አንቺ ምስክር ነሽ።"

እኔም እሺ አልኩ። ሻይ ይዤ ገብቼ ምስክር ሆኜ ወጣሁ።

እማማ ዘይቱ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ሸጡና በግንቦት መጀመሪያ የሦስት ወር ቄቦች ገዙ፤ አሥራ ሁለት። በባጃጅ መጡ። ባጃጁ ግቢው በር ላይ ሲቆም ሾፌሩ አፍንጫውን በክንዱ ይዞ ዘሎ ወረደ። ከኋላ ወንበሩ ላይ እማማ ዘይቱ በሁለት ትልልቅ ቅርጫት መሀል እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። ወንበሩ፣ ቀሚሳቸው፣ የባጃጁ ወለል፣ ሁሉም አረንጓዴና ነጭ ቀልጦ የፈሰሰበት ሆኗል። "ማኔ፣ ነይ እያቸው!" ብለው አንዷን በክንፏ ይዘው ወደ ፊቴ ዘረጓት። ቄቧ አየችኝ፣ ከዚያ ጫማዬ ላይ ለቀቀችው።

እማማ ዘይቱ ያሰቡት ወግ የቆየ ነው። አዲስ ዶሮ እግሯ በገመድ ታስሮ ከሰው ጋር ጥቂት ቀን ታድራለች፤ የባለቤቷን ድምፅ፣ የቤቱን ሽታ፣ የምድጃውን ሙቀት ስትለምድ ትፈታለች፤ ከዚያ ወዲያ ብትገድላትም ሌላ ቤት አትሄድም። ኩሽናቸው ውስጥ ቆጥ የሚሆን እንጨት ሁሉ አዘጋጅተዋል። እኔ ምን አልኩ? ድምፄን አወፈርኩ።

"በፍጹም! እኔ በምኖርበት ግቢ ሰውና እንስሳ አብረው አያድሩም። ነገ እኔ ሰውን ሳስተምር ምን ይሉኛል?"

"ለጥቂት ቀን እኮ ነው፣ ልጄ። እስኪለምዱ።"

"የራሳቸው ቤት ይሠራላቸው። እዚያው ይለምዳሉ።"

የቆጡን እንጨት ወደ ግድግዳው አስጠጉ። በኋላ "እሺ፤ የተማረ ሰው ተናገረ" አሉ። ሽሙጥ አልነበረበትም። ከልባቸው ነው፤ እኔን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ይስሐቅ የሚባል ጎረቤታችን አናጢ ቤቱን ሠራ። የት ይሁን ሲል ቦታውን ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ከሁለታችንም ቤት በጣም የሚርቀውን፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለውን ዝቅ ያለ ጥግ። ይስሐቅ አፈሩን በጫማው ጫፍ ጫን ጫን አደረገና "ሲስተር፣ እዚህ ውኃ ይተኛል" አለ። "ጉዝጓዝ እናደርግበታለን" አልኩት። ጉዝጓዙንም የመረጥኩት እኔው ነኝ። በሥልጠና ላይ ደረቅ ገለባ ይጎዝጎዝ ተብለን ነበር። ሥልጠናውን የሰጡን ሰዎች የስንዴና የጤፍ ገለባ ይሁን የሌላ አልነገሩንም፤ ሚዛን ላይ ገለባ ሲባል ደግሞ የቡና ነው። ቡና የሚፈለፈልበት መቀሸሪያው ጎን እንደ ተራራ ተከምሮ ልውሰደው የሚል አጥቷል። አምስት ጆንያ አስመጣሁና ክንድ ያህል ውፍረት አስነጠፍኩ። ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ንጹሕ ይመስላል። ደስ አለኝ።

እማማ ዘይቱ ሥራቸውን ያውቁት ነበር። ቄቦቹን አሥር ቀን ሙሉ አላስወጧቸውም፤ ቤታቸውን ይወቁ ብለው ዘጉባቸው። ጠዋትና ማታ የተፈጨ በቆሎና የጎደሬ ቅቅል ይዘው ይሄዳሉ፤ መኖውን ከመስጠታቸው በፊት ባዶ የወተት ጣሳ በማንኪያ ይመታሉ። ጣሳው ሲጮህ መብል፣ መብል ሲመጣ ቤት። "ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው" ይላሉ፤ "በሆዷ ከገባሽባት የትም አትሄድም።" በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት፣ በሩን ከፈቱት። አመሻሽ ላይ ከሆነ ርቀው ሳይሄዱ ይጨልምባቸውና ይመለሳሉ የሚል ሒሳብ ነው።

ቄቦቹ ተስፈንጥረው ወጡ። ሲጨልም እማማ ዘይቱ ጣሳውን መቱ። መጡ፤ በቆሎውን በሩ ላይ ለቀሙ፤ ውስጥ ግን ወይ ፍንክች። ሁለቱ ሽንት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጡ። አራቱ የኔ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ፣ ያውም በታጠበው ጋውኔ ትከሻ ላይ ተደረደሩ። የቀሩት እንሰቱ ውስጥ ገቡ።

ይህ ነገር አንድ ቀን ቢሆን ምንም አልነበረም። በየምሽቱ ሆነ። ዝናቡ ይወርዳል፤ እማማ ዘይቱ በማያይ ዓይናቸው ጭቃውን በእጃቸው እየዳበሱ፣ አንድ በአንድ እየያዙ ያስገባሉ። እኔ ጃንጥላ ይዤላቸው እከተላለሁ። ጃንጥላ መያዝ እንጂ ዶሮ መንካት አልችልም። አንዷ ስትወራጭ ኩሷ እጄ ላይ ተረጨና ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤም ራት አልበላሁም። ጠዋት ሲከፈትላቸው ዓይናቸው እንባ አዝሎ፣ አፍንጫቸው ተዘግቶ፣ እያስነጠሱ ይወጣሉ። ያለ ቤታቸው ካደሩት ሁለቱን ሸለምጥማጥ ወሰዳቸው፤ የአንዷን ግማሽ ሬሳ ደጄ ላይ ትቶልኝ ሄደ፤ ስነሳ ጉንዳን ወርሮታል። ሦስተኛዋ ዓይኗ አብጦ ተደፍኖ ሞተች። ቀብር ያስፈጸምኩት እኔ ነኝ፤ በአካፋ፣ ፊቴን አዙሬ።

"ደደቦች ናቸው" አልኳቸው እማማ ዘይቱን። "ቤት ተሠርቶላቸው ሜዳ ላይ የሚያድር ፍጡር!"

"ዶሮ ያለ ምክንያት ቤቷን አትጠላም" አሉ። "ግን ምን እንደሆነ አልታየኝም። አንቺ ዓይን አለሽ፤ እስኪ አንዴ አጎንብሰሽ እይልኝ?"

አየዋለሁ አልኩ። አላየሁም። አጎንብሼ ጭንቅላቴን ኩስ ውስጥ እንዳስገባ ነው? ሳምንት አለፈ።

በመጨረሻ ያየው ይስሐቅ ነው። በሌላ ሥራ መጥቶ እማማ ዘይቱ ቢነግሩት፣ እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ጉዝጓዙ ውስጥ ከተተና ወዲያው አወጣው። "ሲስተር፣ ነይማ" አለኝ። ሰው እያየኝ እምቢ ማለት አፈርኩና ጭንቅላቴን አስገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አልገጠመኝም። ገለባው ውኃ ጠጥቶ ከሥር እየፈላ ነው፤ ላዩ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል፤ ከኩሱ ጋር ተዋሕዶ ሙቀቱ እንደ ትኩሳታም ሰው አፍ ፊቴን መታኝ። ሽታው ዓይኔን ቆረጠኝ። ትዝ ብሎኝ ትንፋሼን ልይዝ ስል ረፍዶ ነበር፤ ወጥቼ አስታወክሁ።

ይስሐቅ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ "ጌታ ይባርክሽ፣ አንቺ ሁለት ደቂቃ አልቻልሽውም፤ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ እደሩ ተባሉ" አለ። "የቡና ገለባ እዚህ አገር ለዝናብ ጊዜ አይሆንም። ማነው ያስነጠፈው?"

እማማ ዘይቱ ቀደም አሉና "እኔ ነኝ፤ አሮጊት ምን ታውቃለች" አሉ።

እኔ አፌን ጠረግሁ፤ ያስነጠፍኩት እኔ ነኝ አላልኩም። ለካ እነዚያ ደደብ ያልኳቸው ፍጥረቶች ገብተው አንተኛም ያሉት ተጸይፈው ነው። በግቢው ውስጥ በአፍንጫዬ የምኮራው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ይስሐቅ ገለባውን ጠርጎ አወጣው። የዶሮ ቤቱን በድንጋይ ላይ ከፍ አደረገው፣ በቀርከሃ ቆጥ ሠራለት፣ ደረቅ ሳር አነጠፈበት። በአራተኛው ቀን ምሽት ጣሳው ሲጮህ ዘጠኙም ቄቦች ተሰልፈው ገቡ። እማማ ዘይቱ በሩን ዘግተው ሽንቁሩን በጣታቸው ፈልገው ጆሯቸውን አስጠግተው ቆሙ። ዶሮዎቹ ቆጡ ላይ እየተገፋፉ ቦታ ሲይዙ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ሲያጉረመርሙ ይሰማል። "አልሐምዱሊላህ፤ ተኙልኝ" አሉ፤ ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቀናቸው ቀን ሆነ። ንጋት ላይ በር መክፈት፣ ውኃ መቀየር፣ ኩስ መጥረግ፤ ረፋድ ላይ መልቀቅ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከወጣች አመድ ውስጥ እንዲንከባለሉ አመድ መበተን፤ ሲመሽ ጣሳ። ስም ሁሉ አወጡላቸው። ባላቸው የዞሩባቸውን፣ እሳቸው ግን ያላዩአቸውን አገሮች ስም ነው የሰጧቸው፤ ማሻ፣ ዲማ፣ ጉራፈርዳ፣ ቱም። "አባፎጊ ቱም ቱም ሲል እቀና ነበር፤ አሁን እኔም ጠዋት ጠዋት ቱምን አቅፌ እውላለሁ" ብለው ይስቃሉ። ቴፒ የምትባል ዶሮ ግን አልነበረችም። ለምን ስላቸው፣ "እሷን ከጠራኋት እመጣለሁ ትለኛለች" አሉ።

እንግዲህ ልቤ ራርቶ ዶሮ ወዳጅ ሆንኩ የሚል ካለ ተሳስቷል። በረንዳዬ ኩስ ነበር። ስሊፐሬ ውስጥ ኩስ ነበር። ጓሮ ሄጄ ስመለስ አንዷ አልጋዬ ላይ ቆማ ትራሴን ትመረምራለች። ከሁሉ የከፋችው ቱም ነበረች፤ ነጠብጣብ፣ ቀጭን፣ ዓይነ ደረቅ። በመጥረጊያ ባባርራት በሌላ በኩል ትመጣለች። እሷን ሳባርር አንድ ቀን ሻሚል ከቴፒ መጥቶ አገኘኝ። እናቱን ሊጠይቅ ነው የመጣው፤ ሲወጣ በረንዳዬ ላይ ቆመና ጫማውን ከኩሱ እያሸሸ፣ "ሲስተር፣ አዝንልሻለሁ። እማ ከሄደች ዋናውን ቤት ላንቺ ነው የማከራየው። ከአንቺ የተሻለ ንጹሕ ሰው ከየት አገኛለሁ?" አለኝ።

ዋናው ቤት ሲሚንቶ ወለል አለው። ቧንቧው ከውስጥ ነው። መስኮቶቹ ወደ መንገድ ናቸው። እኔ ሦስት ዓመት በዚያ መስኮት ስር ሳልፍ መጋረጃ መርጬ ጨርሼ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ረፋድ፣ ግቢው ውስጥ ዶሮ አስካካች። እንዲሁ የሚጮህ ዶሮ አይደለም፤ እንቁላል የጣለች ዶሮ የምታወጣውን ድምፅ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እማማ ዘይቱ ከበረንዳቸው በባዶ እግራቸው ወረዱ።

"ማኔ! ሰማሽ? ቱም ናት! ወላሂ ቱም ናት!"

የዶሮ ቤቱን ሳር በእጃቸው ፈተሹ፤ የለም። እንሰቱን ሥር ሥሩን በጉልበታቸው እየዳኹ ዳበሱ፤ የለም። በማግሥቱም አስካካች፤ አሁንም የለም። ዶሮ አንዴ የመጣያ ቦታ ከመረጠች አትለውጥም። ቤቷ ገምቶባት በነበረበት ጊዜ ነው እንግዲህ ሌላ ቦታ ዓይታ የቆየችው።

"ልጄ፣ በአንቺ በኩል አይተሽ ይሆን?" አሉኝ።

"እኔ በኩል ዶሮ አይደርስም" አልኩ፤ ይህን ስል እውነት መስሎኝ ነበር። የተከራይ ደጅ አልፈትሽም ብለው እሳቸው አልመጡም።

ጳጉሜን ሦስት የሩፋኤል ቀን ነው፤ በኛ በኩል በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ሰው ይታጠብበታል። ለምሳ ቤቴ ስገባ ዝናቡ መጣ፤ እኔም እንደ ልጅነቴ ፊቴን ወደ ሰማይ አድርጌ ታጠብኩ። ከዚያ በረንዳዬ ጥግ ያለው ካርቶን እንዳይረጥብ ላስገባ አነሳሁት። ውስጡ ያሉት የትምህርት ፖስተሮቼ ናቸው፤ ከዓመት በላይ አልከፈትኳቸውም። ካርቶኑ ከኋላ ተቀዷል። ከላይ ያለው ፖስተር ላይ ነጭ የለበሰ ቤተሰብ እጁን ይታጠባል፤ ከሥሩ "ሰውና እንስሳት ተለያይተው ይኑሩ" ይላል። በእናትየው ፊት ላይ ኩስ፣ በልጆቹ ላይ ላባ፣ መሀል ላይ ደግሞ፣ ወረቀቱ እንደ ጎጆ ተጨፍልቆ፣ አምስት እንቁላል።

አላወቅሁም ነበር፣ ተናድጄ ነው ብል ውሸት ነው። መናደዱንስ ተናድጃለሁ፤ ግን አንድ እንቁላል ምን እንደሚያወጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የውሉ ምስክር እኔ ነኝ። እማማ ዘይቱ ለዙሁር ሶላት ገብተዋል። ካርቶኑን እንዳለ አቅፌ ወደ ሽንት ቤቱ ሄድኩ። ክዳኑን፣ በየቤቱ ይኑር እያልኩ የማስተምረውን ክዳን፣ አነሳሁ። አንድ በአንድ ጣልኳቸው። ሲወርዱ የሚሰማው ድምፅ ትንሽ ነው። አምስተኛው ገና ትኩስ ነበር፤ መዳፌ ውስጥ ሲሞቀኝ እጄ ትንሽ ቆየ። እሱንም ጣልኩት። ክዳኑን ከደንኩና እጄን በሳሙና ታጠብኩ።

ቱም በማግሥቱ መጥታ ካርቶኑን አጣች። በረንዳው ላይ እየተንጎራደደች ጮኸች፤ በመጥረጊያ አባረርኳት። እንቁላሏን የት እንደጣለች እንጃ።

አረፋ በአዲስ ዓመት ማግሥት ዋለ። ሻሚል ማለዳ ሶላቱን ሚዛን ሰግዶ፣ መኪና ይዞ መጣ። እማማ ዘይቱ እንዳሉት ሻንጣቸውን አስረው በሩ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ነጭ ለብሰው፣ እጃቸው አዲስ ሂና ተቀብቶ።

"ጥለዋል እኮ" አሉት። "ቱም በየቀኑ ስታስካካ ነው የሰነበተችው። ቦታውን ማግኘት ነው ያቃተኝ።"

ሻሚል ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠና ወደኔ ቀና አለ። "ሲስተር፣ አንቺ እንቁላል አይተሻል? አንድ አየሁ ብለሽ ብቻ ንገሪኝ፤ ሻንጣውን አሁን እፈታዋለሁ።"

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። እዚህ ባለቤቷ ጮኸዋል፣ ዶሮዋም ጮኻለች።

"አላየሁም" አልኩ።

እማማ ዘይቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተከራከሩም። ቃል ቃል ነው አሉና ተነሱ። ስምንቱ ዶሮዎች በቅርጫት መኪናው ላይ ተጫኑ። ቱምን ግን በክንፏ ይዘው ወደኔ መጡና ዘረጉልኝ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዶሮ በእጄ ተቀበልኩ። ልቧ መዳፌ ላይ ይመታል።

"እሷ ከዚህ አትለቅም፤ ቦታዋን መርጣለች" አሉኝ። "እንቁላሏ የሆነ ቦታ አለ፣ ማኔ። ካገኘሽው ያንቺ ይሁን፤ የበላሽውም የምትበዪውም ሐላል ብዬልሻለሁ። በኔ የተነሳ ብዙ ኩስ ረግጠሻል፤ አንቺም ይቅር በዪኝ።"

አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። መኪናው በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ወጣ።

አሁን የምኖረው ዋናው ቤት ነው። መጋረጃው አረንጓዴ ነው፤ ሲሚንቶው በየቀኑ ይታጠባል። ቱም ከሰርቪሱ በረንዳ ወደዚህ መጥታ ደጄ ላይ፣ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ትጥላለች፤ ጥላም ታስካካለች፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማታል። እንቁላሉን አነሳና ሳይቀዘቅዝ ለይስሐቅ ቤት እወስደዋለሁ። አንዱንም በልቼ አላውቅም። ይስሐቅ "ሲስተር፣ ለምን አንቺ አትበዪውም?" ይለኛል።

"ዶሮ ስለምጸየፍ ነው" እለዋለሁ። ያምነኛል።